አምስተርዳም የወደቀችበት የገና ሌሊት፦ እውነቱና ተውኔቱ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አምስተርዳም ነው። ልጄ በትምህርት ቤቷ ኼይስብሬኽት ፋን አምስተል የሚባል የድሮ ተውኔት እያነበበች ነው። ታሪኩን ስትነግረኝ ገረመኝ። ከተማዋ በመካከለኛው ዘመን ተከባ፣ በገና ሌሊት በተንኮል ተይዛ፣ በእሳት ጋየች ይላል። ይሄ ነገር በእርግጥ ሆኗል? ደግሞ ይህንን ተውኔት ለ300 ዓመት ያህል በየአዲስ ዓመቱ ሲያሳዩት ኖሩ አሉ። አንድ ከተማ የራሷን ውድቀት በበዓል ቀን ቁጭ ብላ የምታየው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የአውሮፓን የቲያትር ታሪክ ሳስተምር ከዚህ ተውኔት ጋር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ተማሪ ሁሉ ይጠይቀኛል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የምወደው ሁለተኛውን ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

አምስተርዳም በ1304 በእርግጥ ተከባለች። በእርግጥም ወድቃለች። የወደቀችው ግን በኼይስብሬኽት እጅ እያለች አይደለም፤ በልጁ በያን እጅ ነው። ሰላዩ፣ ማገዶ የጫነው ጀልባ፣ የገናው ሌሊት እልቂት፣ ይሄ ሁሉ የደራሲው የዮስት ፋን ዴን ፎንደል ሥራ ነው። ፎንደልም ከባዶ አልፈጠረውም። ከትሮይ ነው ያመጣው፤ ግሪኮች በእንጨት ፈረስ ውስጥ ወታደር ደብቀው አስገብተው ካቃጠሏት የጥንት ከተማ ታሪክ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር። ነገሩ የሚነሳው ከአንድ ግድያ ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሆላንድን የሚገዛው ኮንት (የግዛት መስፍን) ፍሎሪስ 5ኛ ነበር። ገበሬውን ያቀርብ ስለነበር «የገበሬዎች አምላክ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ በመኳንንቱ አፍ ስድብ ነበር። የአምስተል ወንዝ አካባቢ ረግረግ መሬት ደግሞ የፋን አምስተል ቤተሰብ ግዛት ነው። የቤተሰቡ ጌታ ኼይስብሬኽት 4ኛ ከፍሎሪስ ጋር ተጣልቶ በ1280 ተማረከ። በ1285 ከባድ ግዴታ ተቀብሎ ተፈታ። ከእስር ወጣ እንጂ ቂሙ ከሆዱ አልወጣም።

በ1296 ፍሎሪስ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የነበረውን ወዳጅነት ትቶ ወደ ፈረንሳይ ዞረ። ለተከፉት መኳንንት ጥሩ አጋጣሚ ሆነላቸው። ኼይስብሬኽት፣ ሄርማን ፋን ዉርደንና ኼራርት ፋን ፌልዘን ተማክረው ኮንቱን ለአደን በወጣበት ያዙት። ሙይደን ግንብ ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ሊያሻግሩት ሲሞክሩ የአካባቢው ሰው መንገድ ዘጋባቸው። ያኔ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። ፍሎሪስ እዚያው በጩቤ ተወጋግቶ ሞተ። ቀኑ ጁን 27 ነበር። ፌልዘን ተይዞ ተገደለ። ኼይስብሬኽት አመለጠ፤ ርስቱን ግን አጣ፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም።

ለዚህ ግድያ ሕዝቡ የራሱን ምክንያት አበጀለት። ፍሎሪስ የፌልዘንን ሚስት ማኽቴልትን ስለደፈረ ነው ተባለ። ለአፈ ታሪኩ ማስረጃ የለውም፤ ለተውኔት ግን የሚመች ነገር ነው። ፒተር ሆፍት በ1613 የፌልዘንን ታሪክ በመድረክ ቋንቋ ጽፎታል። የሚገርመው ሆፍት ራሱ የሙይደን አካባቢ ሹም ሆኖ ፍሎሪስ በታሰረበት ግንብ ውስጥ ይኖር ነበር። ፎንደል ከ24 ዓመት በኋላ የጻፈውን የዚያ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል አድርገው ሊያዩት ይችላሉ።

አሁን እርስዎ ስላሉባት ከተማ አንድ ነገር ልንገርዎ። ለአምስተርዳም የመጀመሪያዋን ወረቀት የሰጣት ፍሎሪስ ነው። ኦክቶበር 27 ቀን 1275 በአምስተል ግድብ አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች የቀረጥ ነፃነት ፈቀደላቸው። የከተማዋ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው እዚያ ላይ ነው። በ2025 አምስተርዳም 750ኛ ዓመቷን ስታከብር የቆጠረችው ከዚያች ቀን ነው። ማለትም የልደት ቀኗን የሰጣት ፍሎሪስ፣ የቲያትሯ ጀግና ደግሞ ፍሎሪስን ካፈኑት አንዱ። ፎንደል ይህንን ችግር ያውቀዋል። ስለዚህ ኼይስብሬኽት ገና መጋረጃው እንደተከፈተ ራሱን ይከላከላል። ኮንቱ ተይዞ በሕግ እንዲጠየቅ ፈልጌ ነበር እንጂ ይገደል አላልኩም ይላል።

ወደ እውነተኛው ከበባ እንምጣ። በ1302 ፍላንደሮች፣ የዛሬዋ ቤልጂየም ሰሜን ክፍል ሰዎች፣ ኮርትሬይክ ላይ የፈረንሳይን ፈረሰኛ ጦር ድል አደረጉ። ያ ድል ልባቸውን ሞላው። በ1303 እና በ1304 ወደ ዜላንድና ወደ ሆላንድ ገቡ። የኼይስብሬኽት ልጅ ያን ፋን አምስተል ይህንን አጋጣሚ ተጠቅሞ የአባቱን አገር መልሶ ያዘ። አምስተርዳም ገብቶ ከተማዋን በእንጨት አጠናከራት። የእንጨት ቅጥር፣ የእንጨት ማማ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ። የዛሬዋን አምስተርዳም አያስቡ። በግድብ ዙሪያ የተኮለኮሉ የእንጨት ቤቶች፣ ጭቃ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ቢራ፣ ነዋሪዋም ምናልባት አንድ ሺህ ሰው ያህል።

በኦገስት 1304 ፍላንደሮች ዚሪክዜ አጠገብ በባሕር ላይ ጦርነት ተሸነፉ። መሪያቸውም ተማረከ። የያን ድጋፍ ያኔ ተቆረጠ። አምስተርዳም በሆላንድ ኮንት ወገን እጅ ወደቀች። ያን ሸሸ። ከተማዋም ቅጥሯን እንድታፈርስ ተፈረደባት። ይኸው ነው። መነኮሳት አልታረዱም፣ የገና ሌሊት አልነበረም፣ መልአክም አልታየም። በ1994 በመሃል ከተማ ኒውዌዘይትስ ኮልክ በሚባለው ቦታ የአንድ ግንብ መሠረት ተቆፍሮ ወጥቷል። የአምስተል ጌቶች ግንብ ነው የሚል ወሬ ወዲያው ተናፈሰ። ባለሙያዎች ግን በዚህ አልተስማሙም።

ይህች ትንሽ ሽንፈት ከ330 ዓመት በኋላ እንዴት የከተማዋ ትልቁ ታሪክ ሆነች? እዚህ ላይ ፎንደልን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፎንደል አምስተርዳም አልተወለደም። ወላጆቹ የአንትወርፕ ሰዎች ነበሩ፤ አናባፕቲስት፣ ማለትም ሕፃናትን የማያጠምቁ ፕሮቴስታንቶች፣ ስለነበሩ በሃይማኖታቸው ምክንያት ሸሹ። እሱ በ1587 ኮሎኝ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሆኖ አምስተርዳም ገባ። አድጎ በቫርሙስ መንገድ ካልሲና ሐር ይሸጥ ነበር። አዎ፣ የደች ቋንቋ ታላቁ ገጣሚ ባለ ሱቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ላቲንን ራሱ እየታገለ ነው የተማረው፤ የጥንቱን የሮም ገጣሚ ቨርጂልን እንደ ጸሎት መጽሐፍ እየደጋገመ አነበበ። በኋላም ሥራዎቹን ወደ ደች ተርጉሞ አሳትሟል።

በ1637 ከተማዋ በድንጋይ የተሠራ የመጀመሪያ ቲያትር ቤቷን እየጨረሰች ነበር። ቦታው ካይዘርስኽራኽት ቦይ ዳር፣ አርክቴክቱ ያኮብ ፋን ካምፐን። ለመክፈቻው ተውኔት ጻፍ ተብሎ ለፎንደል ተነገረው። ያኔ አምስተርዳም ከዓለም ሀብታም ከተሞች አንዷ ናት፤ ነዋሪዋ ከመቶ ሺህ አልፏል። ሌላ ሰው ቢሆን የድል ተውኔት ይጽፍ ነበር። ፎንደል የጻፈው ከተማዋ ስትቃጠል ነው።

ምክንያቱን ራሱ አልደበቀም። ቨርጂል ለሮም ያደረገውን ለአምስተርዳም ማድረግ ፈለገ። ቨርጂል የሮምን ክብር ሊናገር ሲነሳ የጀመረው ከትሮይ አመድ ነው። የግጥሙ ጀግና፣ የትሮዩ ኤንያስ፣ የሚነድ ከተማውን ጥሎ ካልወጣ ሮም የለችም። ፎንደልም ኤኔይድ ከሚባለው ከዚህ ግጥም ሁለተኛውን መጽሐፍ ወስዶ በአምስተል ወንዝ ዳር ተከለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ፎንደል ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሠራ ያያል።

ተውኔቱ የሚጀምረው በገና ዋዜማ ከቀትር በኋላ በ3 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ጠላት ያለ ምንም ውጊያ ከበባውን ትቶ ሄዷል። ኼይስብሬኽት ከከተማዋ ውጪ ወጥቶ ባዶውን ሜዳ ያያል። በመክፈቻው ስንኝ የሰማይ ፍርድ በመጨረሻ ለእኔና ለተጨነቀችው ከተማዬ ራራ ብሎ ያመሰግናል። አንድ የተያዘ ሰው ያመጡለታል፤ ስሙ ፎስሜር ነው። የስሙ መነሻ «ፎስ» በደች ቀበሮ ማለት ነው። ከጠላት ከድቼ መጣሁ ብሎ አልቅሶ ይምላል። ኼይስብሬኽት ያምነዋል። ጠላት ጥሎት የሄደ ጭራሮ የጫነ ጀልባ አለ፤ ወደ ከተማ ይገባል። የጀልባው ስም «የባሕር ፈረስ» ነው። በጭራሮው ስር ወታደር ተኝቷል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረታችንን ፎንደል ቢሰማው ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ሌላውም እንዲሁ ቦታ ቦታውን ይዟል። ትሮይ ውስጥ በጦርነቱ የሞተው ጀግና የሄክተር መንፈስ ለኤንያስ በሕልም ይታያል፤ እዚህ የማኽቴልት መንፈስ ለኼይስብሬኽት ሚስት ለባደሎኽ ይታያል። ትሮይ ውስጥ ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም መሠዊያው ስር ይታረዳል፤ እዚህ ሽማግሌው ጳጳስ ኾዘቬይን ከእመምኔቷ ከክላሪስና ከመነኮሳይያቱ ጋር በገዳሙ ውስጥ ይገደላል። ታሪኩ ከተጣለበት ዘመን ብዙ በኋላ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማትም ተውኔቱ ውስጥ ቆመዋል። ፎንደል ይህ አላስጨነቀውም። ተመልካቹ ከቲያትሩ ወጥቶ በእግሩ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። የሚያውቁት ደብር ሲነድ ነው ሰው የሚደነግጠው።

ስለ ትሮይ ብቻ ብናወራ ግን ግማሹን እንተዋለን። በ1638 ቲያትሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከበባን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። ኔዘርላንድስ ከስፔን ጋር የምታካሂደው የ80 ዓመት ጦርነት ገና አላለቀም። ሃርለም በ1572 ተከባ በሚቀጥለው ዓመት በረሃብ እጇን ሰጥታለች። አንትወርፕ በ1585 ወድቃ ሕዝቧ በገፍ ወደ ሰሜን ተሰዷል፤ ከዚያ ስደተኛ የተወለዱ ስንቶቹ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ብሬዳ ደግሞ ተውኔቱ ከመታየቱ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 1637፣ ከበባ ላይ ቆይታ ከስፔን እጅ ወደ ደቾች ተመልሳለች። ትኩስ ወሬ ነው።

የጀልባውንም ተንኮል ያውቁታል። በ1590 ብሬዳ የተያዘችው በጀልባ ነው። ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ የሚነድ አፈር የጫነች ጀልባ ስር ሰባ ያህል ወታደሮች ተደብቀው ገብተው ግንቡን ያዙ። ከወታደሮቹ አንዱ ሳል ይዞት፣ እኔ ሁላችንንም ሳላስይዝ ግደሉኝ ብሎ ጓደኞቹን ለመነ እየተባለ ይተረካል። ታዲያ የአምስተርዳም ሰው «የባሕር ፈረስ» የምትባለዋን ጀልባ ሲያይ ስንት ነገር በአንዴ ትዝ እንደሚለው ያስቡት። ትሮይ ትዝ ይለዋል፣ ብሬዳም ትዝ ትለዋለች። ልዩነቱ ብሬዳ ላይ በጀልባዋ ውስጥ የነበሩት የራሱ ወገኖች መሆናቸው ነው። ፎንደል ያንን የኩራት ታሪክ ገልብጦ ከተቀባዩ በኩል አሳየው። ይሄ ትልቅ ድፍረት ይመስለኛል።

ስለ መክፈቻውም አንድ ግምት ልጨምር። ጠላት በሌሊት ሹልክ ብሎ ሄደ፣ ሜዳው ባዶ ሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ትዕይንት የላይደን ታሪክ ነው። ላይደን በኦክቶበር 3 ቀን 1574 ከከበባ የወጣችው ልክ እንደዚህ ነው። አንድ ልጅ በባዶው የስፔን ሰፈር ውስጥ ገና ያልቀዘቀዘ የወጥ ድስት አገኘ ይባላል። ላይደን ዛሬም ያንን ቀን ታከብራለች። ስለዚህ ተመልካቹ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ደስታውን ያውቀዋል፣ ይዝናናል፣ ይታለላል። ኼይስብሬኽት ሲታለል እሱም አብሮ ይታለላል።

ተውኔቱ ጃንዋሪ 3 ቀን 1638 ተከፈተ። መከፈት የነበረበት በገና ማግስት ነበር። የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ግን ተቃወመ። መድረክ ላይ ጳጳስ፣ መነኮሳት፣ የካቶሊክ ሥርዓት ሊታይ ነው ብለው ለከተማው ሹማምንት አቤት አሉ። ሹማምንቱ ከተመለከቱት በኋላ ፈቀዱ። ፎንደል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካቶሊክ ሆኗል፤ ስለዚህ የጉባኤው ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከቲያትሩ የሚገኘው ገቢ ግን ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያና ለአረጋውያን ቤት ስለሚውል፣ ለመዝጋት ቀላል አልነበረም።

ፎንደል ተውኔቱን ለሁጎ ግሮቲየስ ነው ያበረከተው። ግሮቲየስ በ1619 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት፣ በ1621 በመጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ያመለጠ ታላቅ የሕግ ሊቅ ነው። በዚያን ጊዜ የስዊድን አምባሳደር ሆኖ ፓሪስ ይኖር ነበር። የተውኔቱ ሙሉ ርዕስ «የከተማው ጥፋትና የእሱ ስደት» ይላል። የስደት ተውኔት፣ ለስደተኛ፣ ከስደተኛ ልጅ።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደርሻለሁ። አምስተኛው ክፍል።

ከተማዋ ነዳለች። ኼይስብሬኽት በግንቡ ውስጥ ተከቧል። ወንድሙ አሬንት ቆስሎ መጥቶ ሞቷል። ጠላት መልእክተኛ ልኮ እጅህን ስጥ ብሎታል፤ እምቢ ብሏል። አንድ የቀረ መውጫ አለ፤ በውኃ በኩል። ኼይስብሬኽት ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ካህኑን በጀልባ ሊልክ ወሰነ። እሱ ይቀራል፣ እየተዋጋ ይሞታል። ባደሎኽ አልሄድም አለች።

ያዛታል። አትንቀሳቀስም። ስለ ልጆቹ ይነግራታል። ልጆቹን ታያለች፣ ታለቅሳለች፣ ግን ከጎኑ አትለይም። እናት መሆንሽን አስቢ ይላታል። ልጆቿን ትወዳለች፤ ባሏን ግን ከልጆቿ አስቀድማ እንደምትወድ በግልጽ ትነግረዋለች። ቃል በቃል ይመላለሳሉ፤ አንዱ ስንኝ ሲወረውር ሌላው ይቀበላል። ይህ ክርክር ረጅም ነው፤ ሰይፍ የለበትም፣ እሳቱም በመስኮት በኩል ብቻ ነው። ከበባው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ገብቷል። ጦር ያላንበረከከው ሰውዬ ሚስቱን ማሸነፍ አቃተው።

ቨርጂል ይህንን አልጻፈም። ኤንያስ አባቱን ተሸክሞ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ሲሸሽ ሚስቱ ክሬዩሳ ከኋላ ትከተላለች። በግርግሩ ጠፍታ ትቀራለች። ታሪኩ ያለ እሷ ይቀጥላል። ፎንደል እዚህ ላይ መምህሩን ከድቷል። ሚስቲቱን ከኋላ አላስቀራትም። ለምን ቢሉኝ፣ የፎንደል ሚስት ማይከን በ1635 መሞቷን አስባለሁ። ከዚያ በፊት ትንንሽ ልጆች ቀብሯል። ባደሎኽ ባሏን ስትጠብቅ ኮረሱ፣ ማለትም በመድረክ ላይ በኅብረት የሚዘምረው ቡድን፣ የሚያሰማው ስንኝ አለ፤ በባልና ሚስት መካከል ካለው የጠራ ታማኝነት የሚበልጥ በዓለም የት ተገኘ ብሎ ይጠይቃል። ደቾች ይህንን ስንኝ በሠርግ ላይ ሲጠቅሱት ኖረዋል። የጻፈው ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ዓመት ያልራቀው ሰው ነው። በ1638 ባደሎኽን የተጫወተው ወንድ ተዋናይ እንደነበርም ይወቁ። በአምስተርዳም መድረክ ላይ ሴት በቋሚነት የታየችው በ1655 ነው፤ አሪያና ኖዘማን ትባላለች።

ባልና ሚስቱ ሳይስማሙ መልአክ ይታያል። ቅዱስ ሩፋኤል ነው። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከብዙ ደች አንባቢ ይቀድማል። መጽሐፈ ጦቢትን የምናውቅ ሰዎች ሩፋኤል የመንገደኛ ጓደኛ መሆኑን እናውቃለን። ጦብያን መንገድ የመራው እሱ ነው። ፎንደል ከመላእክት ሁሉ እሱን የመረጠው ለዚህ ነው፤ የስደተኛን ቤተሰብ ሊሸኝ ነው የመጣው። ፕሮቴስታንቶች መጽሐፈ ጦቢትን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ስለማያስገቡት የሩፋኤል መምጣት ለእነሱ የካቶሊክ ምልክት ነበር።

ሩፋኤል ለኼይስብሬኽት ተዋጋ አይለውም። ሂድ ይለዋል። ወደ ፕሩሲያ ሄደህ ኒው ሆላንድ የምትባል ከተማ ቆርቁር ይለዋል። ይህም ከባዶ አልመጣም፤ በደች ሰፋሪዎች የተቆረቆረች ፕሩሲያዊት ሆላንድ የምትባል ከተማ ነበረች፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ፓስዌንክ ትባላለች። ከዚያ ስለ አምስተርዳም ይተነብያል። ከተማህ ብትፈርስም አትደንግጥ፣ ከአመድና ከትቢያ በበለጠ ክብር ትነሳለች፣ ከ300 ዓመት በኋላም ስሟ በዓለም ይሰማል።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ እዚህ ነው። ያ ትንቢት የሚነገረው መድረክ ላይ ላለው ሰው ነው፤ የሚፈጸመው ግን አዳራሹ ውስጥ ነው። ከ300 ዓመት በኋላ የሚመጡት ተመልካቾቹ ራሳቸው ናቸው። በአዲሱ የድንጋይ ቲያትር ውስጥ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በመጣ ቅመም በበለጸገች ከተማ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኼይስብሬኽት ሊያያት ያልቻላትን አምስተርዳም እነሱ ይኖሩባታል። ውድቀቷን ሲያዩ የሚያዩት መነሻቸውን ነው። በአዲስ ዓመት ደግሞ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ያለፈውን ጥሎ ስለሚመጣው። ግማሹ ተመልካችም ቤቱን ጥሎ የመጣ ወይም የዚያ ሰው ልጅ ነው። ከተማው ነድዶበት ቤተሰቡን ይዞ በጀልባ የሚወጣን ሰው ጀግና ብሎ ለመቀበል አልተቸገረም።

ከ1641 ጀምሮ፣ የተቋረጠባቸው ጥቂት ዓመታት ቢኖሩም፣ በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ሰሞን ሲታይ ኖሯል። በኋላ ዘመን ደግሞ «የክሎሪስና የሮስዬ ሠርግ» የሚባል ቀልድ ጨዋታ ይከተለው ነበር፤ ሰው አልቅሶ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። የካይዘርስኽራኽቱ ቲያትር በ1772 ተቃጥሏል፤ ልማዱ ግን ወደ ሌላ ቤት ተዛውሮ ቀጠለ። የቆመው በ1968 ነው። የዘመኑ ወጣት ይህንን ሁሉ የአያቶች ነገር አድርጎ አየው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከተማ ተማሪዎች መድረክ ላይ ቲማቲም ወረወሩ፤ የደች ቲያትርም ፊቱን ለወጠ። ልማዱ መቆሙን እረዳለሁ። በየዓመቱ የሚደገም ነገር ነፍሱን ያጣል። ተውኔቱ ራሱ ግን የሚገባውን ያህል እየተነበበ አይደለም ብዬ አዝናለሁ።

ልጅዎን አንድ ቅዳሜ ወደ ካይዘርስኽራኽት ቁጥር 384 ይውሰዷት። ዛሬ ሆቴል ነው፤ የድንጋዩ የቲያትር በር ግን አለ። ዓለም መድረክ ናት፣ ሁሉም ሚናውን ይጫወታል፣ ድርሻውንም ይቀበላል የሚል የፎንደል ስንኝ ከዚያ ቲያትር በር ጋር የተያያዘ ነው። በሩ ጠባብ ነው። በዚያች በር ሬምብራንትም ሳይገባ አልቀረም፤ በዚያው ሰሞን ከሳላቸው ተዋንያን አንዳንዶቹ የዚህ ተውኔት ሰዎች እንደሆኑ ይገመታል።

ለንባቡ ደግሞ፣ የድሮው አጻጻፍ ያስቸግራታልና ከአምስተኛው ክፍል ትጀምር። ስንኞቹ አሥራ ሁለት ቀለም እየቆጠሩ ሁለት ሁለት ሆነው ቤት ይመታሉ፤ በዓይን ከማንበብ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። እሷ ባደሎኽን ታንብብ፣ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛዋ ኼይስብሬኽትን ያንብብላት። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ክፍል ትመለስና መነኮሳይያቱ የሚዘምሩትን ትፈልግ። ከቀን የምታምር የገና ሌሊት ብሎ ይጀምርና ሄሮድስ ወዳስፈጃቸው የቤተልሔም ሕፃናትና ወደ ራሔል ልቅሶ ይዞራል። ደቾች ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይዘምሩታል፤ ምናልባት እርስዎም ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ሰምተውት ይሆናል። የተውኔቱ የመጨረሻ ስንኝ ደግሞ የኼይስብሬኽት ነው። ከጀልባዋ ሳይገባ ወደ ከተማው ዞሮ፣ የአምስተል አገሬ ደህና ሁኚ፣ ሌላ ጌታ ጠብቂ ይላል።